በሁለት ቀን ሥልጠና የቴራፒ ውሻ አይወጣም

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለሜዲካል ዳይሬክተሩ
ለኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ክፍል

ጉዳዩ፦ አዲሱ የቴራፒ ውሾች መመሪያ እንዲታገድና እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ታካሚዎችን ለማጽናናት ወደ ዋርድ ስለሚገቡት የቴራፒ ውሾች ሰሞኑን ያሰራጫችሁት መመሪያ ደርሶን አንብበነዋል። በመመሪያው መሠረት ከእንግዲህ የጠባይ ፈተና የለም፤ የክትባት ካርድ ያለውና የሁለት ቀን ሥልጠና የተከታተለ ውሻ ሁሉ ሰደርያ ለብሶ ዋርድ ይገባል። ውሻውን ይዞ የሚዞረው ባለቤቱ መሆኑ ቀርቶ በዕለቱ ተረኛ የሆነ ማንኛውም ሠራተኛ ይሆናል። አንድ ሰዓት የነበረው ጉብኝት ወደ ግማሽ ቀን ይረዝማል። ስለ ንጽሕና የተጻፈው ደግሞ «አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ውሾቹን የምናሠለጥነውና ይዘናቸው የምንገባው እኛ ነን፤ ይህ ሲወሰን ግን የጠየቀን የለም። ውሻ እንዲመጣላቸው የሚጠይቁ ታካሚዎች ብዙ፣ ውሾቹ ጥቂት መሆናቸውን እናውቃለን። የተመረጠው መንገድ ግን የሚያበዛው ብቁ ውሾችን ሳይሆን ንክሻን ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል በየነጥቡ እናስረዳለን።

አስቀድሞ አንድ መደበላለቅ ይጥራ። መመሪያው መሪ ውሾችንና የቴራፒ ውሾችን በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ ያስኬዳቸዋል። ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ ከዚያ ሰው አይነጠልም፣ በሥራ ላይ እያለ ሌላ ሰው እንዲዳብሰውም አይፈለግም። የቴራፒ ውሻ ግን የማያውቃቸውን ሰዎች ሊጎበኝ የሚመጣ ነው፤ መዳበስ ራሱ ሥራው ነው። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ ሲጠቀለሉ ምን እንደሚመጣ በር ላይ ታይቷል። መሪ ውሻዋን ይዛ ወንድሟን ልትጠይቅ የመጣች ዓይነ ስውር «ውሻው ሰደርያና የሆስፒታሉ ካርድ የለውም» ተብላ ከጥበቃ ተመልሳለች። ጥበቃው የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ጥፋቱ የአንቀጹ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ፈተናው መቅረት

ፈተናው የቀረበት ምክንያት «ሥራ ያጓትታል» የሚል ነው። የውሻ ጉብኝት በሕክምና ቦታ ሥርዓት የያዘው ግን በፈተና ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቦሪስ ሌቪንሰን ከሰው የሚሸሽ ሕፃን ጂንግልስ ከተባለው ውሻው ጋር ሲግባባ አስተውሎ ጉዳዩን በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር፤ ያኔ የነበረው አንድ ባለሙያና አንድ ውሻ ነው። ውሾች በብዛት ሆስፒታል መግባት ሲጀምሩ ማን ብቁ እንደሆነ የሚለይ አካል አስፈለገ። ነርሷ ኢሌን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 የመሠረተችው ድርጅት ዋና ተግባሩ ውሾችን መፈተንና መመዝገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ የቆዩ ድርጅቶች በብዙ ነገር ሲለያዩ በዚህ ግን አይለያዩም፤ ያልተፈተነ ውሻ አያስገቡም።

የሁለት ቀኑ ሥልጠና የሚያስተምረው «ቁጭ»፣ «ተኛ» እና «ና» የሚሉትን ትእዛዞች ነው። እነዚህን ማንኛውም ጤነኛ ውሻ ይማራቸዋል። ችግሩ በመጨረሻው ቀን ላይ ነው። ውሾቹ በዊልቸር፣ በክራንችና በጋሪ መካከል አልፈው ያልጮኸውና ያልታገለው «አልፏል» ይባላል። በዚህ አሠራር በብዛት የሚያልፈው የተረጋጋ ውሻ ሳይሆን በፍርሃት ደርቆ የቀረ ውሻ ነው። ማምለጫ የሌለው የፈራ ውሻ ሁልጊዜ አይጮኽም። ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ያሳርፋል፣ አፉን ይገጥማል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ዓይኑን ሳይሰብር አንገቱን ብቻ ያዞራል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ይታያል። ለማያውቅ ሰው ግን «እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው!» ያሰኛል። ልዩነቱን ማወቅ ለሚፈልግ ቀላል ዘዴ አለ፤ የሚወደውን ቁራሽ ምግብ አፍንጫው ሥር ያዙለት። የተረጋጋ ውሻ በለሆሳስ ይወስዳል። የደረቀ ውሻ አይወስድም፤ ወይም ጣት እስኪያሳምም ድረስ ይነጥቃል።

ዊልቸርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ለውሻው በአንድ ከሰዓት አምስት ዓይነት ዕቃ ማሳየት ለምን እንደማያዋጣ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። ለማለማመድ መጀመሪያ ባዶው ዊልቸር ፍሬኑ ተይዞ ይቆማል፤ ውሻው በላላ ገመድ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ያሸተዋል፤ አጠገቡ ወለሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቁራሽ ይጣልለታል። ቀጥሎ ሰው ይቀመጥበታል፤ አይንቀሳቀስም። ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ዊልቸሩ ከሦስት ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ሆኖ ከውሻው እየራቀ ይሄዳል። የሚርቅ ነገር ከሚመጣ ነገር ያነሰ ያስፈራል። ከዚያ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ወደ ውሻው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ። እያንዳንዱ ልምምድ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሚቆመውም ውሻው ገና ደስ ብሎት ሳለ ነው። ውሻው ቁራሹን እምቢ ካለ ርቀቱ አንሷል ማለት ስለሆነ ወደ ኋላ ይመለሳሉ እንጂ አይገፉም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰው፣ በሌላ ዓይነት ወለል እንደገና ይደገማል፤ ውሻ ሳሎን ውስጥ የለመደውን ነገር ኮሪደር ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አይገምትም።

ይህ ዊልቸር ብቻ ነው። ዎከር፣ ክራንች፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ ስትሬቸር፣ የኦክስጅን ፉጨት፣ የማሽን ደወልና የሊፍት በር ገና አልተነኩም።

የድንጋጤው ፈተናም የራሱ ሥርዓት አለው። ከውሻው ጀርባ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የብረት ሳህን ይወድቃል። መደንገጡ አይጥለውም። የሚታየው ከድንጋጤው እንዴት እንደሚመለስ ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያዡን፣ ማለትም ይዞት የሚገባውን ሰው፣ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ሥራው ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ጅራቱን ቆልፎ ከቀረ ወይም ወደ ድምፁ እየጮኸ ከተወረወረ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በአዲሱ ሥልጠና ይህ ጭራሽ የለም።

መዳበስንም በሚመለከት የሠልጣኞቹ መማሪያ ላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። «ቁራሽ እየሰጣችሁ ጆሮውን ንኩት» ይላል። ትክክሉ መጀመሪያ መንካት፣ ከዚያ ቁራሹን መስጠት ነው። ቁራሹ ከቀደመ ውሻው የሚማረው «ምግብ ሲመጣ ሊይዙኝ ነው» የሚለውን ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ምግብ የያዘ እጅ ሲያይ መሸሽ ይጀምራል። መንካቱ ከቀደመ ግን ጆሮው መያዙ ራሱ የጉርሻ ምልክት ይሆንለታል። በዚህ መንገድ ጆሮ መጎተትን፣ እግር መጨበጥን፣ ፀጉርን በተቃራኒ ማሸትንና ድንገተኛ እቅፍን በትንሽ በትንሹ ይለምዳል፤ በዋርድ ውስጥ የሚያገኘው እጅ ሁሉ ለስላሳ አይደለምና። በስትሮክ የተጎዳ ሰው የጨበጠውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል።

ጭንን ወይም አልጋን ተጠግቶ አገጭን ማሳረፍ ደግሞ የዚህ ሥራ እምብርት ነው። የታጠፈ ፎጣ ጭን ላይ ይደረጋል፤ ውሻው አገጩን ሲያሳርፍ ይሸለማል፤ አንድ ሰከንድ፣ ሦስት፣ አሥር እያለ ይረዝማል። ቀጥሎ ፎጣው ወንበር ላይ፣ ከዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ይሄዳል። ከሥልጠናው ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሕግ አለ፤ ውሻው አገጩን ካነሳ እጅ ሁሉ ይነሳል። በዚህም ውሻው «በቃኝ» የሚልበት ጨዋ መንገድ ያገኛል። እንዲህ ያለ መንገድ ያለው ውሻ ጥርሱን ማሳየት አያስፈልገውም።

«ተወው» የሚለው ትእዛዝ በእናንተ ሥልጠና ውስጥ አለ፤ የቆመው ግን እጅ ላይ ባለ ምግብ ነው። በሆስፒታል ወለል ላይ የሚወድቀው ክኒን ነው። አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል፤ ዛይሊቶል የተባለ የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ የደም ስኳሩን በፍጥነት ያወርደዋል። ስለዚህ ልምምዱ ከተዘጋ ጭብጥ ይጀምርና ወደ ተከፈተ መዳፍ፣ ከዚያ በጫማ ወደ ተሸፈነ፣ ከዚያ ወለል ላይ ወደ ተገለጠ፣ በመጨረሻም ውሻው እየሄደ ሳለ ፊቱ ወደሚወድቅ ነገር ያድጋል። ለመጨረሻው ደረጃ ባዶ የካፕሱል ሽፋን ይበቃል። ሽልማቱ ምንጊዜም ከያዡ እጅ ይመጣል እንጂ ከወለሉ አይነሳም፤ አንድ ቀን «እሺ፣ አሁን ብላው» የተባለ ውሻ ወለሉን ሁልጊዜ በተስፋ ያየዋል።

ስለ ዕድሜ መመሪያው ምንም አይልም። በመጀመሪያው ዙር ከገቡት መካከል ገና ጥርስ በመቀየር ላይ ያለ ቡችላ አይተናል። ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ የሰው እጅ ያኝካል፤ ተፈጥሮው ነው። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ዓይነት ሰውና ድምፅ በጥሩ ሁኔታ ቢያይ ለኋላው ይጠቅመዋል፤ ይህ ማለት ግን በዚያ ዕድሜው ሕመምተኛ ይጎብኝ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ኤፒዲሚዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ምክር ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ውሻ እንዳይገባ፣ ቢቻል ሁለት ዓመት እንዲሞላው ይላል።

ሁለተኛ፤ ውሻውን ከያዡ ስለመለየት

የሚፈተነው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ውሻውና ያዡ አብረው ነው። ያንን ውሻ የሚያውቅ ሰው ከማጉረምረም በፊት የሚመጡትን ምልክቶች ያያል። ውሻ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ሳይበላው ራሱን ያካል፤ ውኃ እንደነካው ሁሉ ሰውነቱን ያራግፋል። ለስላሳ ወለል ላይ ሲራመድ እርጥብ የእግር አሻራ ከተወም ተጨንቋል፤ ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ላያስጨንቅ ይችላል። ሁለት ሦስቱ ከተከታተሉ ግን ያዡ ፈገግ ብሎ «ጓደኛችን ትንሽ ይረፍ» ይልና ይዞት ይወጣል። ታካሚው እንኳ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ተረኛ ሠራተኛ ይህን ሊያይ አይችልም፤ ስንፍና ሆኖበት ሳይሆን ሌላ ሥራ ስላለው ነው። በሕፃናት ክፍል የሆነውን እናንሳ። ውሻው ገመዱ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ ተትቷል፤ ተረኛዋ መድኃኒት ልታድል ሄዳለች። አንድ ሕፃን ከላይ አንገቱን አቀፈው። ውሻው ፊቱን አዞረ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ወደ ኋላ ሊል ሲል ገመዱ ያዘው፤ በመጨረሻ አጉረመረመ። ተረኛዋ ሮጣ መጥታ ውሻውን ቆጣችው፣ አፍንጫውንም መታችው። በማግሥቱ ሌላ ሕፃን ሲያቅፈው ውሻው አላጉረመረመም፤ በቀጥታ የሕፃኑን እጅ ሊነክስ ቃጣ። ጥርሱ ቆዳ አልቀደደም፤ ሕፃኑ ግን ከአልጋው እስኪወርድ አልቅሷል።

ማጉረምረም ጥፋት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ውሻን ስላጉረመረመ መቅጣት የእሳት ማንቂያ ደወልን ስለጮኸ መንቀል ነው። ፍርሃቱ ባለበት ይቀራል፤ የሚጠፋው ድምፁ ብቻ ነው። የሚያጉረመርም ውሻ ሲኖር ይወጣል፣ ዳግመኛ ይመዘናል፣ ካስፈለገም ከሥራው ይሰናበታል። አይመታም።

የያዡ አቋቋምም ቢሆን በደመ ነፍስ የሚሠራ አይደለም። ገመዱ ከአንድ ሜትር ከሃያ እስከ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሚተረተረውና የሚሰበሰበው ዓይነት አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ሲለቀቅ ዊልቸርና እግር ይጠልፋል። ገመዱ ከእጅ አይወርድም፣ ከምንም ነገር ጋርም አይታሰርም። ያዡ ከውሻው ራስ አጠገብ ይቆማል፤ ፊቱን ለታካሚው ሰጥቶ ዓይኑን ግን ከውሻው አይነቅልም። ዊልቸር ሲጠጉ መጀመሪያ ፍሬኑ ይያዛል፤ ውሻው ዊልቸሩ ወደሚያይበት አቅጣጫ ዞሮ በታካሚው ጉልበት ትክክል ይቆማል፤ ጅራቱና መዳፉ ከትልቁ ጎማ ፊት አይሆንም። ታካሚው እጁን ከራሱ በላይ አሻግሮ እንዳያወርድበት «ደረቱን እዚህ ጋ ይደብሱት» ተብሎ ቦታው ይታያል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ውሻ የሚፈራ፣ ውሻ መንካት እምነቱ የማይፈቅድለት ወይም ዛሬ ደስ ያላለው ሰው «አይሆንም» ለማለት ምክንያት መስጠት የለበትም፤ የአጠገቡ አልጋ ታካሚም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉብኝቱ ርዝመት

ግማሽ ቀን የሚለው ከየት እንደመጣ አልገባንም። ከላይ የጠቀስነው የ2015ቱ ምክር አንድን ጉብኝት በአንድ ሰዓት ይገድባል። ምክንያቱ ድካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሮጥ ውሻ እንኳ በአንድ ሰዓት ጉብኝት ይዝላል። በየደቂቃው አዲስ እጅ፣ አዲስ ሽታ፣ አዲስ ድምፅ ይመጣል፤ የፈለገውን ማድረግ ግን አይችልም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ትእዛዝ መስማት የሚዘገይ፣ ወለል እያሸተተ የሚቀር፣ ወደ በር የሚያይ ውሻ «ሰነፈ» ተብሎ ይጎተታል። አልሰነፈም፤ አልቆበታል። ንክሻ የሚመጣው እዚህ ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያም ላይ የማረፊያ ቦታ የለም፣ የውኃ ሳህን የለም፣ ለሽንት የሚወጣበት በር እንኳ በመመሪያው አልተመደበም። የክፍሎቹ ሙቀት ለሕመምተኛ እንዲመች የተደረገ ነው፤ ወፍራም ፀጉር ላለው ውሻ ይከብዳል። ያረጁትን ደግሞ አትርሷቸው። የዳሌ ሕመም ያለበት ውሻ የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ እየተንሸራተተ ሲቆም ሕመሙ ይብስበታል፤ የሚያመውን ቦታ የሚነካ እጅ ሲመጣ እስከዛሬ ያላደረገውን ሊያደርግ ይችላል። ጥፍሩ አጥሮ፣ በመዳፉ መካከል ያለው ፀጉር ተቆርጦ መግባቱ ለመልክ ሳይሆን ለዚህ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ንጽሕናና ኢንፌክሽን

ይህ ለኢንፌክሽን ክፍሉ ነው። «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ማለት ምን እንደሆነ ካልተጻፈ የሚጠነቀቅ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የሆድ ትላትል መድኃኒት፣ ቁንጫና መዥገር ማጥፊያ፣ በዓመት የእንስሳት ሐኪም ምርመራ በስም መዘርዘር አለባቸው። የክትባት ካርድ ሲታይ ቀኑም ይታይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእብድ ውሻ በሽታ የተከተበ ውሻ መከላከያው እስኪገነባ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ትናንት ተከትቦ ዛሬ አይገባም።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ ስለሚችል በዘጠና ቀን ውስጥ ጥሬ የእንስሳት ምግብ የበላ ውሻ እንዳይገባ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። የደረቀ የከብት ጆሮና ሌላ የሚታኘክ ነገርም፣ ካልበሰለ፣ ከዚሁ ይቆጠራል።

በሽታው የሚሄደው ግን ከውሻ ወደ ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የካናዳ ጥናት ታካሚን የላሱና ከታካሚ እጅ የበሉ ውሾች ሆስፒታል ውስጥ ያሉ ጀርሞችን፣ መድኃኒት የተላመደውን ኤምአርኤስኤንና ተቅማጥ የሚያመጣውን ክሎስትሪድየም ዲፊሲልን፣ ይዘው የመገኘታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በእናንተ መመሪያ «ታካሚው ውሻውን እንዲያበላው ይበረታታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር መሰረዝ አለበት። ውሻው ፊትና ቁስል አይልስም፤ አልጋ ላይ ከወጣ ከሥሩ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፋል፣ ለሚቀጥለው ታካሚ ሌላ። እጅ ከመዳበስ በፊትም በኋላም ይጸዳል። አልኮል የክሎስትሪድየም ዲፊሲልን ስፖር (ጀርሙ ጠንክሮ የሚቆይበትን ቅርጽ) አይገድልም፤ ተቅማጥ ባለበት ክፍል አካባቢ ሳሙናና ውኃ ያስፈልጋል፣ ውሻው ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ለይቶ ማቆያ ክፍል፣ የነጭ የደም ሴላቸው በጣም የወረደ፣ ጣፊያቸው የወጣ፣ የውሻ አለርጂ ያለባቸው ታካሚዎች ዝርዝር ለያዡ በየጉብኝቱ ጠዋት መድረስ ይኖርበታል። ይህን የሚያውቀው የዋርዱ ነርስ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ነገር ሲበላሽ ተጠያቂው ማነው?

በሕፃናት ክፍል ከሆነው በኋላ ውሻው «አደገኛ» ተብሎ ተባሯል፣ ባለቤቱም በቦታው ሳይኖር ተወቅሷል። ገመዱን ማን እንዳሰረው፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ቀድሞ ምን እንዳሳየ የተመዘገበ ነገር የለም። የመመዝገቢያ ቅጽም የለም። ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ ይደገማል።

ስለሆነም የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

አዲሱ መመሪያ እንዲታገድና እስኪታረም ድረስ በሁለት ቀን ሥልጠና ብቻ የገቡት ውሾች ጉብኝት እንዲቆም። እነዚህ ውሾች ሁሉ አይረቡም እያልን አይደለም፤ ከመካከላቸው ጥሩ የሚሆኑ ይኖራሉ፤ ይፈተኑ።

ፈተናው እንዲመለስ፤ ፈታኙ ውሻውን ያሠለጠነ ሰው እንዳይሆን፤ ካለፈ በኋላም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉብኝቶች ልምድ ባለው ሰው ክትትል እንዲደረጉ፤ በየሁለት ዓመቱ ደግሞ እንደገና እንዲፈተን። የስምንት ዓመት ውሻ የሦስት ዓመቱ ውሻ አይደለም።

ውሻው አብሮት ከተፈተነው ያዥ ውጭ በማንም እንዳይያዝ፤ አንድ ያዥም በአንድ ጊዜ ከአንድ ውሻ በላይ ይዞ እንዳይገባ።

የጉብኝቱ ጣሪያ አንድ ሰዓት ሆኖ ያዡ ከዚያ በፊት ሊያቋርጠው ሙሉ ሥልጣን እንዲኖረው። ዋርዱ «ሁለት አልጋ ብቻ ቀርቷል» ብሎ እንዳይለምን።

የንጽሕናው ክፍል በኢንፌክሽን መከላከልና ቁጥጥር ባለሙያዎች ከእኛ ጋር ሆኖ እንደገና እንዲጻፍ፤ ከመሬት ፎቅ አንድ ትንሽ ክፍል፣ የውኃ ቦታና ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር እንዲመደብ።

የአደጋና የስጋት መመዝገቢያ ቅጽ እንዲዘጋጅ፤ ንክሻ ብቻ ሳይሆን ማጉረምረምም እንዲመዘገብበት። በሕፃናት ክፍል የሆነውም የመጀመሪያው መዝገብ ሆኖ እንዲጣራ፣ ውጤቱም ለሕፃኑ ቤተሰብና ለውሻው ባለቤት በጽሑፍ እንዲገለጽ።

መሪ ውሾችን የሚመለከተው አንቀጽ ከዚህ መመሪያ ወጥቶ ለጥበቃ ክፍሉ ለብቻው እንዲጻፍ፤ የተመለሰችው እንግዳም ይቅርታ እንድትጠየቅ።

ለፈታኝነትም፣ ለተረኛ ነርሶች የአንድ ከሰዓት ገለጻ ለመስጠትም ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ እስከዚያው ያለ ፈተና በገቡ ውሾች ጉብኝት ላይ አጃቢ ሆነን አንገኝም።

ከአክብሮት ጋር

በሆስፒታሉ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ የቴራፒ ውሾች አሠልጣኞች፣ ፈታኞችና ያዦች

ግልባጭ
ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ
ለሕፃናት ክፍል ኃላፊ
ለጥበቃ ክፍል